ካሜራው የማን ምስክር ነው? ከክሪኬት ሜዳ እስከ በቆጂ

አባቶቻችን «በቃል ያለ ይረሳል፤ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል» ይላሉ። አባባሉ የተነገረው ስለ ብራናና ስለ ቀለም ነው። እኔ ግን ሙያዬ ምህንድስና፣ የዕለት እንጀራዬም ከካሜራና ከኮምፒዩተር ጋር የተያያዘ በመሆኑ፣ አባባሉን ሁልጊዜ የማስታውሰው ስለ ተንቀሳቃሽ ምስል ሳስብ ነው። የሰው ልጅ ሩጫና ውርወራ ለብዙ ሺህ ዘመን በዓይን ታይቶ በቃል ሲነገር ኖረ። ከ19ኛው ክፍለ ዘመን ማብቂያ ጀምሮ ግን በምስል እየተጻፈ ይወረስ ጀመር። በዚህ ጽሑፍ የማነሳው ጥያቄም ከዚህ የሚመነጭ ነው። የእኛ ሯጮች እርምጃ ከ60 ዓመት በላይ በፊልም ሲጻፍ ኖሯል። ለመሆኑ ወራሹ ማን ነው?

ውድ አንባቢያን፣ ከዚህ በታች የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን ከወዲሁ ልብ በሉልኝ።

ፈረሷና ባለቤቷ

ነገሩ የሚጀምረው ከሰው ሳይሆን ከፈረስ ነው። ሌላንድ ስታንፎርድ የቀድሞ የካሊፎርኒያ አገረ ገዥ፣ በባቡር ሐዲድ የከበረ ባለጸጋና የፈረስ አፍቃሪ ነበር። ፈረስ ሽምጥ ሲጋልብ አራቱም እግሮቹ በአንድ ጊዜ ከመሬት ይነሳሉ ወይስ አይነሱም የሚለው ጥያቄ ዕረፍት ነሳው። በዓይኑ አይቶ የሚፈርድ ሰው አልተገኘም። በ1878 ኤድዋርድ ማይብሪጅ የተባለ እንግሊዛዊ ፎቶግራፍ አንሺ በፓሎ አልቶ 12 ካሜራዎችን በመሮጫው ዳር ደረደረ። በመንገዱ ላይ ቀጫጭን ክሮች ዘረጋ። ፈረሷ እያንዳንዱን ክር ስትበጥስ የየካሜራው መዝጊያ በተራ ተከፈተ።

መልሱም ተገኘ፤ አራቱም እግሮች ይነሳሉ። የሚነሱት ግን ሠዓሊያን ለዘመናት ይስሉት እንደነበረው የፊቶቹ ወደ ፊት፣ የኋላዎቹ ወደ ኋላ ተዘርግተው አይደለም። ከሆድ ሥር ተሰብስበው በሚገናኙበት ቅጽበት ነው። በየአዳራሹ የተሰቀለው የፈረስ ሥዕል ሁሉ ስሕተት ሆኖ ተገኘ።

የታሪኩ ሁለተኛ ክፍል ግን ብዙ ጊዜ አይነገርም። በ1882 ስታንፎርድ «ዘ ሆርስ ኢን ሞሽን» የተሰኘውን መጽሐፍ አሳተመ። በመጽሐፉ የርዕስ ገጽ ላይ በጸሐፊነት የሰፈረው የስቲልማን ስም ነው፤ የማይብሪጅ ስም የለም። ማይብሪጅ ከሰሰ፤ አልተሳካለትም። የሥራው ገንዘብ የስታንፎርድ ነበር፤ ፈረሷም የስታንፎርድ ነበረች። ብልሃቱ ብቻ የማይብሪጅ ነበር። እንግዲህ እንቅስቃሴን በምስል የመመርመር ጥበብ ገና ከመወለዱ «ምን ታየ?» ከሚለው ጥያቄ ጎን «የታየው የማን ነው?» የሚል ሙግት ይዞ መጣ ማለት ነው። ፈረሷንማ ማን ይጠይቃታል!

የከዘራው ጥላ

የምኖረው በላስ ቬጋስ ነው። ከአሮጌው መሀል ከተማና ከታላላቆቹ የቁማር ቤቶች ጎዳና መካከል አርትስ ዲስትሪክት የሚባል ሰፈር አለ። ሲቋቋም 18 ብሎኮችን የያዘ ስለነበረ «18ቢ» እያሉም ይጠሩታል። በ2002 በየወሩ የመጀመሪያ ዓርብ ምሽት ሠዓሊያን ሥራቸውን ለሕዝብ የሚያሳዩበት ዝግጅት ከተጀመረ ወዲህ ስሙ እየገነነ ሄዷል። በዚሁ ሰፈር ከሥራ በኋላ እየተገናኘን ቡና የምንጠጣ ጥቂት መሐንዲሶች አለን። ከመካከላችን አንዱ የስሪ ላንካ ተወላጅ ሲሆን ቅዳሜ ቅዳሜ ሕፃናትን ክሪኬት ያለማምዳል። ስልኩን በሦስት እግር ላይ ተክሎ የልጆቹን ክንድ ይቀርጻል፤ ከዚያም ምስሉን እያዘገመ ለልጆቹ ያሳያቸዋል። የምጽፍላችሁን የሙራሊታራንን ታሪክ መጀመሪያ የሰማሁት ከእርሱ ነው፤ በኋላም ራሴ እየተከታተልኩ አነበብኩት።

ክሪኬት ለአብዛኞቻችን ባዕድ ጨዋታ ነው። በዱላ ኳስ ስለሚመታበት ከገና ጨዋታችን ጋር የሚያመሳስለው ሰው አይጠፋም፤ ሕጉ ግን ፈጽሞ ሌላ ነው። ለእኛ ጉዳይ የሚያስፈልገው አንድ ሕግ ብቻ ነው። ኳሱን ወደ መቺው የሚልከው ተጫዋች፣ ቦለር የሚሉት፣ ክንዱን አጥፎ ኳሱን በሚለቅበት ቅጽበት ክርኑን በመዘርጋት ድንጋይ እንደሚወረውር ሰው ሊወረውር አይፈቀድለትም። ክንዱ በትከሻው ላይ እንደ ጎማ ዞሮ ነው ኳሱን መልቀቅ ያለበት። «ወረወረ» ማለት በክሪኬት ዓለም «አታለለ» እንደማለት ያለ ከባድ ስድብ ነው።

ሙቲያ ሙራሊታራን የስሪ ላንካ ቦለር ነበር። ታኅሣሥ 26 ቀን 1995 በሜልበርን፣ በአሥር ሺዎች ተመልካች ፊት፣ አውስትራሊያዊው ዳኛ ዳረል ሄር «ወረወርክ» ብሎ በአንድ ቀን ሰባት ጊዜ ቀጣው። ከጥቂት ቀናት በኋላም በብሪዝበን ሌላ አውስትራሊያዊ ዳኛ ይህንኑ ደገመው። ዳኞቹ በዓይናቸው ያዩትን ነው የፈረዱት። በቴሌቪዥን ያየውም ሕዝብ ያው ክንድ ሲታጠፍና ሲዘረጋ ነው የታየው። «ማየት ማመን ነው» ከተባለ ጉዳዩ እዚያው ላይ ማለቅ ነበረበት።

ነገሩ ግን ወደ ላቦራቶሪ ሄደ። በ1996 በዌስተርን አውስትራሊያ ዩኒቨርሲቲና በሆንግ ኮንግ ክንዱ በብዙ ካሜራዎች ተመረመረ። የተገኘው ነገር የሚያስደንቅ ነበር። ሙራሊታራን ክርኑን እስከ መጨረሻው መዘርጋት የማይችል ሆኖ የተፈጠረ ሰው ነው። ክንዱ የታጠፈ ነው፤ ግን ያው እንደታጠፈ ይዞራል። ሲዞር ደግሞ ከአንድ አቅጣጫ ለሚመለከት ዓይን የተዘረጋ ይመስላል።

ይህን ለመረዳት ኮምፒዩተር አያስፈልግም። የሽማግሌ ከዘራ ውሰዱና ፀሐይ ላይ አቁማችሁ በቀስታ አዙሩት፤ መሬት ላይ የሚወርደውን ጥላም ተመልከቱ። ቆልማማው ራሱ አንዴ ጎልቶ ይታያል፤ አንዴ ደግሞ ይጠፋና ጥላው ቀጥ ያለ በትር ይሆናል። ከዘራው ግን ቅንጣት አልተለወጠም። አንድ ካሜራ የሚያነሳው ምስልም፣ አንድ ዳኛ በዓይኑ የሚያየውም፣ ከዚህ ጥላ የተለየ አይደለም። ሦስት ልኬት ያለውን ነገር በሁለት ልኬት ነው የሚያሳየው። እውነተኛውን ቅርጽ ለማወቅ ቢያንስ ሁለት ካሜራዎችን በተለያየ ቦታ አቁሞ፣ ከሁለቱ ምስል የእያንዳንዱን ነጥብ ቦታ በሒሳብ ማውጣት ግድ ይላል። በ2001 ፖል ሆኪንስ የሠራው «ሆክ አይ» የተባለው መሣሪያም የክሪኬትን ኳስ በስድስት ካሜራ ተከታትሎ መንገዷን በቴሌቪዥን ያሳየው በዚሁ መርህ ነው።

ነገሩ በዚህ አላበቃም። በ2004 የሙራሊታራን ሌላ አጣጣል ተከሰሰና እንደገና ተመረመረ። እስከዚያ ድረስ ለቦለሮች የተፈቀደው የክርን መዘርጋት ልክ ለዝግተኛው 5፣ ለመካከለኛው 7.5፣ ለፈጣኑ 10 ዲግሪ ነበር። ተመራማሪዎቹ ሌሎቹንም ቦለሮች በካሜራ ሲለኩ፣ ክንዳቸው ንጹሕ ነው ተብለው የሚመሰገኑት እንኳ አብዛኞቹ ከተፈቀደው በላይ እንደሚዘረጉ ታወቀ። ሕጉን ሲያከብሩ የነበሩ የመሰሉት የዳኛው ዓይን ስላልያዛቸው ብቻ ነበር። በ2005 የዓለም ክሪኬት ምክር ቤት ልኩን ለሁሉም አንድ አድርጎ 15 ዲግሪ ላይ አቆመው፤ ምክንያቱም ከዚያ በታች ያለውን መዘርጋት የሰው ዓይን ለይቶ አያውቀውም። ሕጉ ለአንድ ሰው ሲባል ተለወጠ ብለው እስካሁን የሚያኮርፉ አሉ። ሙራሊታራን ግን በ2010 ከቴስት ክሪኬት ሲሰናበት 800 መቺዎችን ከሜዳ አስወጥቶ ነበር፤ ማንም ያልደረሰበት ቁጥር ነው።

ወዳጄ ይህን ሲነግረኝ የማረከኝ የክርኑ ነገር ብቻ አልነበረም። አንዲት ትንሽ ደሴት፣ ጨዋታውን ከቅኝ ገዥዋ የተቀበለች አገር፣ በሌሎች ሕግና በሌሎች ዳኛ ፊት ስትከሰስ «ዓይናችሁ ተሳስቷል» ብላ ብቻ አልጮኸችም። ካሜራውን ምስክር አድርጋ ጠራችው። በጥንቱ የበላ ልበልሃ ሙግታችን ምስክር የሚረታው በደንብ ሲጠየቅ ነው። እነርሱ ምስክሩን ጠየቁት፤ ቃሉን አስመዘገቡት፤ በመጨረሻም ሕጉ ራሱ ተሻሻለ።

እኛስ?

አበበ ቢቂላ በ1960 ሮም ላይ በባዶ እግሩ ሲያሸንፍ ሌሊት ነበር። ከአሠልጣኙ ከስዊድናዊው ኦኒ ኒስካነን ጋር መንገዱን አስቀድመው ሲያጠኑ ከአክሱም የተወሰደውን ሐውልት አዩት። ሐውልቱ ከመጨረሻው መስመር ብዙም አይርቅምና ተፎካካሪውን ጥሎ ለመሄድ ምልክት አደረጉት። የዚያን ዘመን «ትንተና» ይህን ይመስል ነበር፤ በእግር ሄዶ መንገድን ማጥናት፣ ሰዓት መያዝ፣ የሯጩን ፊት ማንበብ። መሣሪያው የሰው ዓይን ነው፤ መዝገቡም የሰው አእምሮ።

በ1964 ቶኪዮ ላይ ግን ነገሩ ተለወጠ። አበበ የትርፍ አንጀት ቀዶ ሕክምና ካደረገ ከሳምንታት በኋላ ጥቅምት 21 ቀን ሮጦ በ2 ሰዓት ከ12 ደቂቃ ከ11.2 ሰከንድ አሸነፈ። ማራቶንን በኦሎምፒክ ሁለት ጊዜ በማሸነፍ የመጀመሪያው ሰው ሆነ። መስመሩን ካለፈ በኋላ ሣሩ ላይ ሰውነቱን ሲያፍታታ ዓለም አየው። ያየው በካሜራ ነው። ኮን ኢቺካዋ የተባለው የጃፓን ዳይሬክተር ለውድድሩ የተዘጋጀውን ፊልም ሲሠራ፣ ረጅም ርቀት በሚያሳይ ሌንስና በተዘገመ ምስል አበበን ለረጅም ጊዜ ብቻውን አሳየው። «ቶኪዮ ኦሊምፒያድ» በ1965 ለሕዝብ ቀረበ።

ያንን ክፍል እንደ ሀገር ልጅ ስታዩት ዓይናችሁ እንባ ያቀርራል። እንደ መሐንዲስ ካያችሁት ደግሞ ሌላ ነገር ነው፤ የማይወዛወዝ ጭንቅላት፣ ያልተጨማደደ ፊት፣ ኃይል የማያባክን ክንድ። ለአንድ ወጣት ሯጭ ከዚህ የተሻለ መማሪያ የለም። የኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ሥራ የጀመረው በዚያው በ1964 መሆኑን ስናስታውስ ደግሞ ርቀቱ ይታየናል። እኛ የመጀመሪያውን ካሜራ ስንተክል፣ የታላቁ ሯጫችን እርምጃ ቶኪዮ ላይ ተጽፎ አልቋል። ራስ ሥላሴ ላቀው ከዴቪ ፍራንክል ጋር በ2009 «ዘ አትሌት» የተሰኘውን የአበበን ፊልም ሲሠሩ የድሮ ምስሎችን ከአዲስ ቀረጻ ጋር አዋሕደዋል። ታሪካችንን መልሰን ለመናገር እንኳ ሌሎች የቀረጹት ምስል ያስፈልገናል ማለት ነው።

ኃይሌ፣ ቴርጋትና ጠባቡ ቀዳዳ

ካሜራ ለእኛ የመሰከረበትን ቀንም አንርሳ። መስከረም 25 ቀን 2000 በሲድኒ የ10,000 ሜትር ፍጻሜ ኃይሌ ገብረ ሥላሴና ኬንያዊው ፖል ቴርጋት ጎን ለጎን ደርሰው ወደ መስመሩ ተወረወሩ። ኃይሌ 27 ደቂቃ ከ18.20፣ ቴርጋት 27 ደቂቃ ከ18.29። ልዩነቱ 0.09 ሰከንድ ነው። በዚያው ኦሎምፒክ የወንዶች 100 ሜትር ፍጻሜ በአንደኛውና በሁለተኛው መካከል የነበረው ልዩነት 0.12 ሰከንድ ነበር። አሥር ኪሎ ሜትር ሮጠው የተለያዩት መቶ ሜትር ከሮጡት ባነሰ ልዩነት ነው!

ይህን የሚለየው ካሜራ እንደ ተራ ካሜራ አይደለም። ሜዳውን አያይም፤ የሚያየው የፍጻሜውን መስመር ብቻ ነው፣ ያውም በቀጭን ቀዳዳ በኩል። መስመሩን ደጋግሞ፣ እጅግ ፈጥኖ ያነሳና ቁራጮቹን ጎን ለጎን ይሰፋቸዋል። ስለዚህ በምስሉ ላይ ከግራ ወደ ቀኝ የምናየው ቦታ ሳይሆን ጊዜ ነው። የኃይሌ ደረትና የቴርጋት ደረት በምስሉ ላይ ተራርቀው የሚታዩት በጊዜ ስለተራራቁ ነው። ያ ካሜራ የማንም ወገን አልነበረም፤ የተጠየቀውን አንድ ጥያቄ ብቻ መለሰ፤ ወርቁም ለባለቤቱ ደረሰ። የካሜራ ፍርድ ፍትሐዊ የሚሆነው እንዲህ ጥያቄው ግልጽ፣ መልሱም ለሁሉም የተገለጠ ሲሆን ነው።

ሞንዛና ቫሌንሲያ

ከዚያ ወዲህ ጥያቄዎቹ እየበዙ፣ መልሶቹ ግን ወደ ግል ካዝና እየገቡ መጡ። በ2017 ናይክ የተባለው የጫማ ኩባንያ ማራቶንን ከሁለት ሰዓት በታች ለማስሮጥ ሦስት ሰዎችን መረጠ፤ ኬንያዊውን ኤሊዩድ ኪፕቾጌን፣ ኤርትራዊውን ዘርሰናይ ታደሰንና ኢትዮጵያዊውን ሌሊሳ ዴሲሳን። በላቦራቶሪ ትንፋሻቸው ተለካ፤ እርምጃቸው ተቀረጸ። ግንቦት 6 ቀን በጣሊያን ሞንዛ የመኪና መወዳደሪያ ላይ፣ ከፊታቸው መኪና እየሄደች፣ ነፋስ የሚከላከሉላቸው ሯጮች በቀስት ቅርጽ ተሰልፈው ሮጡ። ኪፕቾጌ በ2 ሰዓት ከ25 ሰከንድ ገባ። ዘርሰናይ 2 ሰዓት ከ6 ደቂቃ ከ51 ሰከንድ፣ ሌሊሳ ደግሞ 2 ሰዓት ከ14 ደቂቃ ከ10 ሰከንድ ወሰደባቸው።

በዚያ ቀን የቁጥሩን ሠንጠረዥ ብቻ ያየ ሰው «ሌሊሳ አበቃለት» ብሎ ይጽፍ ነበር። ሌሊሳ ግን በ2018 የኒው ዮርክ ማራቶንን አሸነፈ። በ2019 ደግሞ ዶሃ ላይ፣ ከሙቀቱ የተነሳ ውድድሩ በእኩለ ሌሊት እንዲጀመር በተደረገበት፣ ያለ መኪናና ያለ ነፋስ ተከላካይ የዓለም ሻምፒዮን ሆነ። ምርመራው ስሕተት ነበር ማለቴ አይደለም። የተጠየቀው ሌላ ጥያቄ ነበር። «በምቹ ሜዳ፣ በአንድ ወጥ ፍጥነት ማን ይፈጥናል?» እና «በሙቀት፣ በሰው መሀል፣ ማን ቆርጦ ይወጣል?» ሁለት የተለያዩ ጥያቄዎች ናቸው። ጠያቂው ጫማ ሻጭ ከሆነ የመጀመሪያውን ይጠይቃል። ሁለተኛውን የሚጠይቅ የራሱ የሯጩ ወገን መሆን አለበት።

ጥቅምት 7 ቀን 2020 በቫሌንሲያ የሆነውንም ልጨምር። በመሮጫው ውስጠኛ ዳር የተደረደሩ መብራቶች በታቀደው የክብረ ወሰን ፍጥነት እየተከታተሉ ይበራሉ፤ ሯጩ መብራቱን ይከተላል። በዚያች ምሽት ለተሰንበት ግደይ 5,000 ሜትርን በ14 ደቂቃ ከ6.62 ሰከንድ ሮጣ፣ ጥሩነሽ ዲባባ በ2008 ኦስሎ ላይ ያስመዘገበችውን 14 ደቂቃ ከ11.15 አሻሻለች። በዚያችው ምሽት ኡጋንዳዊው ጆሹዋ ቼፕቴጌይ የቀነኒሳ በቀለን የ2005 የ10,000 ሜትር ክብረ ወሰን ከ26 ደቂቃ ከ17.53 ወደ 26 ደቂቃ ከ11 ሰከንድ አወረደው። ቴክኖሎጂ ለሁሉም ነው፤ በአንድ ሌሊት ይሰጠናል፤ በዚያው ሌሊት ይወስድብናል። ስለዚህ «መብራቱ ጥሩ ነው ወይስ መጥፎ?» ብሎ መከራከር ጊዜ ማባከን ነው። ፍጥነቱን በመብራቱ ላይ የሚጽፈው ማን ነው የሚለው ይበልጣል።

በምኖርበት ከተማ ይህን የማያውቅ ሰው የለም። ድሮ የቁማር ቤቶቹ ሰዎቻቸውን ከጣራው በላይ በተሠራ ጠባብ መሄጃ ላይ አቁመው፣ ከአንድ ወገን ብቻ በሚያሳይ መስተዋት በኩል ጠረጴዛውን ያስጠብቁ ነበር። ዛሬ ያንን ሥራ ካሜራ ይሠራዋል። ካሜራው የሚያየው እውነት ነው። ነገር ግን ቪዲዮው የቁማር ቤቱ ነው፤ ሲያስፈልገው ያወጣዋል፤ ሳያስፈልገው ያስቀምጠዋል። ተጫዋቹ ታየ እንጂ አላየም።

«ያለ ካሜራ አሸንፈን የለም ወይ?»

ይህን ሐሳብ ሳነሳ ብዙ የሀገር ልጆች የሚሰጡኝ መልስ አንድ ነው። «ወልደ መስቀል ኮስትሬ ካሜራ ነበረው? በቆጂስ ላቦራቶሪ ነበራት?» ይሉኛል። ጥያቄው ተገቢ ነው። በቆጂ፣ ያቺ የአርሲ ትንሽ ከተማ፣ ደራርቱ ቱሉን፣ ፋጡማ ሮባን፣ ቀነኒሳ በቀለንና ጥሩነሽ ዲባባን አፍርታለች። የስፖርት መምህር የነበረው አሠልጣኝ ስንታየሁ እሸቱ ልጆችን የሚመርጠው በዓይኑ ነበር፤ ዓይኑም አልዋሸውም። ዶክተር ወልደ መስቀልም በሃንጋሪ የተማረ ሰው ቢሆንም ዋና መሣሪያው ሰዓቱ፣ ዓይኑና ቁጣው እንደነበረ የሚያውቁት ሁሉ ይናገራሉ።

እኔም የምለው የእነዚህ ሰዎች ዓይን በካሜራ ይተካ አይደለም። እንዲያውም ተቃራኒውን ነው። ከክሪኬት የምንማረው፣ ያልሠለጠነ ዓይንና አንድ ካሜራ እኩል እንደሚሳሳቱ ነው፤ ምስሉን የሚያነብ አዋቂ ከሌለ ምስሉ የከዘራ ጥላ ነው። ቦብ ዉልመር በ1990ዎቹ የደቡብ አፍሪካን ቡድን ሲያሠለጥን ኮምፒዩተርና ቪዲዮ ይዞ በመምጣቱ ስሙ ተነሥቷል፤ ግን እርሱ ራሱ ለእንግሊዝ የተጫወተ፣ ምን እንደሚፈልግ የሚያውቅ ሰው ነበር። ዓይኑ ከካሜራው ቀድሞ ሠልጥኗል። የእኛ ችግር የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው። ወልደ መስቀል በ2016 ዐረፈ። ሯጩ ገና ሦስት ዙር ሲቀረው ትከሻው መክበዱን አይቶ የሚያውቅ ዓይን አብሮት ተቀበረ። ዓይን አይወረስም። ዓይኑ ያየው ነገር ግን ከምስሉ ጋር ተያይዞ ቢጻፍ ኖሮ ይወረስ ነበር።

የሚያሳዝነው፣ ሌሎች ይህን ከእኛ በፊት ማወቃቸው ነው። የግላስጎ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በ2000ዎቹ መጀመሪያ የኢትዮጵያን ሯጮች ትውልድ ስፍራና ዘረመል አጥንተው፣ ከአርሲና ከሸዋ የመጡት ብዛት እንዳላቸው፣ ብዙዎቹም በልጅነታቸው ወደ ትምህርት ቤት ሮጠው ይሄዱ እንደነበር ጽፈዋል። ስለ በቆጂ ልጆች «ታውን ኦቭ ረነርስ» የተባለውን ፊልም በ2012 ያቀረበው እንግሊዛዊው ጄሪ ሮትዌል ነው። ሁለቱም መልካም ሥራዎች ናቸው፤ ሠሪዎቹ ይመስገኑ። ቅሬታዬ በእነርሱ ላይ አይደለም። «የአገሩን ሠርዶ በአገሩ በሬ» የሚባለው ተረት ግን እዚህ ላይ ትዝ ይለኛል።

ምን ይደረግ?

የሚያስፈልገው ብዙ አይደለም። በሒሳብ ላሳያችሁ። የ10,000 ሜትር ሯጭ በሰከንድ 6 ሜትር ያህል ይጓዛል። በሰከንድ 25 ምስል የሚያነሳ የድሮ ቪዲዮ በሁለት ምስሎች መካከል ሯጩ 24 ሴንቲ ሜትር ሲያልፍ አያየውም፤ እግሩ መሬት የነካበት ቅጽበት ያመልጠዋል። ዛሬ በኪስ የሚያዝ ስልክ በሰከንድ 240 ምስል ያነሳል፤ ክፍተቱ 2.5 ሴንቲ ሜትር ብቻ ይሆናል። ምስሉን ለመተንተን ኪኖቪያን የመሰሉ በነጻ የሚገኙ ፕሮግራሞች አሉ። ሦስት እግር፣ አንድ ስልክ፣ በሜትር የተለካ መሬት፣ ካሜራው ሁልጊዜ በአንድ ቦታና በአንድ ከፍታ ላይ መቆሙ፤ በቃ። አሠልጣኙ ያየውን በድምፁ በዚያው ምስል ላይ ይናገር፤ «ቀኝ ትከሻው ወደቀ»፣ «እርምጃዋን አስረዘመች»። አንዲትን የ15 ዓመት ልጅ ይህ መዝገብ ለአሥር ዓመት ቢከተላት፣ የትኛውም ኩባንያ በገንዘቡ ሊገዛው የማይችል እውቀት ይሆናል።

ይህን ለማድረግ ደግሞ ከኛ ከውጭ ካለነው ማን ይቀርባል? ሰኔ 6 ቀን 2024 በቴክሳስ በተደረገው የዓለም ዋንጫ ጨዋታ የአሜሪካ የክሪኬት ቡድን ታላቋን ፓኪስታንን በተጨማሪ ጨዋታ ሲያሸንፍ፣ የመጨረሻዎቹን ኳሶች የጣለው የሙምባይ ተወላጁ ሳውራብ ኔትራቫልካር ነበር። ሰውየው በኦራክል ኩባንያ የሶፍትዌር መሐንዲስ ሲሆን፣ የክሪኬት ተጫዋቾችን ውጤት የሚተነትን «ክሪክዲኮድ» የተባለ የስልክ ፕሮግራም በመሥራትም ይታወቃል። ስደተኛ፣ መሐንዲስ፣ ስፖርተኛ፤ ሦስቱም በአንድ ሰው። በመካከላችን ሶፍትዌር የሚጽፉ፣ በሆስፒታል የሰውነት እንቅስቃሴ የሚመረምሩ፣ ቪዲዮ የሚያጠናቅሩ ኢትዮጵያውያን ጥቂት አይደሉም። የጎደለን እውቀት ሳይሆን መሰባሰብ ነው። «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» ተብሏልና።

አንድ ነገር ግን ከመጀመሪያው በጽሑፍ መታሰር አለበት። መዝገቡ የሯጩ ይሁን። የተቀረጸው ልጅ ወይም ወላጁ ይፍቀድ፤ ምስሉን ሲፈልግ ይውሰድ፤ ሳይፈልግ ያስጠፋ። አለዚያ እኛም በተራችን ስታንፎርዶች፣ ልጆቻችንም ፈረሶች ይሆናሉ።

ሙራሊታራን የዳነው ካሜራ ስለነበረ ብቻ አይደለም። በሜልበርንም ካሜራ ነበረ፤ ያ ካሜራ ወንጀለኛ አደረገው። የዳነው የራሱ ወገኖች ሁለተኛውን፣ ሦስተኛውን ካሜራ ስላስቆሙና ጥያቄውን ራሳቸው ስለጠየቁ ነው። የእኛም ልጆች ሮጠው ያሸንፋሉ፤ ይህን ማንም አይጠራጠርም። እንዴት እንደሮጡ ሲጠየቅ ግን መልሱን ከሌላ ሰው መጽሐፍ ከምናነብ፣ አንድ ገጽ ቢሆንም በራሳችን እጅ ብንጽፍ ይሻላል።

ቸር ይግጠመን።

ላስ ቬጋስ፣ ኔቫዳ